ደም አድራቂ

አሥራ ስድስት ሆኖኝ በበቅሎ ሲያመጡኝ፣
ለሠርግ መስሎኝ ነበር፤ ለዕርቅ ነው የሰጡኝ።
ገዳይ የኔ አጎት፣ ሟች የእርሳቸው ወንድም፤
እኔ ተሰጠሁኝ፣ ይደርቅ ዘንድ ያ ደም።
አያ ልየው ያን ቀን ደጁ ላይ ቆሙና
እኔን ትተው አዩ የበቅሎዋን ጫና።

ከዚያ ወዲያ ስንት ክረምት!
ባሌ አንሙት መተማ ወረደ፣ ለሰሊጥ፤
ስሙ አላዳነውም።
ጃኬቱ ብቻ መጣ፣ ተጠቅልሎ በፌስታል ውስጥ።
ቤቱ ሦስት ሰው ቀረው፦ እኔ፣ ልጄ ስምረት፣
እሳቸው ከነምርኩዛቸው፣
ስሙ ምላስ ላይ የማይቆም ሕመም የያዛቸው።

«ደማቸው በዝቷል» አለች ሲስተር ፀዳለ፣ ማርቆስ ሆስፒታል፤
«ወፍሯል፣ እንደ ማር ሆኗል፤ ካልተቀዳ ሥሩን ይዘጋል።»
በዛ? ደም ይበዛል?
እኔ የማውቅ ሲያልቅ ነው፤ እኅቴን በወሊድ እንዲያ ነው ያጣኋት።
አንዱ ቤት ጎድላ፣ አንዱ ቤት ሞልታ፣ ማን ይሆን እንዲህ ያደላት?

ጎረቤት ይመጣል፤ ፊታቸውን አይቶ፣
«ቀላ አሉ አያ ልየው! ጉንጫቸው ደም ሞልቶ!
እናንየ፣ እጅሽ ይባረክ» ይለኛል፤
ያ ቅላት እሳት ነው፣ ሲመሽ እግራቸው ሥር ይነዳል።
ጨርቅ በውኃ ነክሬ ውስጥ እግራቸውን እጠቀልላለሁ፤
ሲደርቅ እነሣለሁ፤
እነክራለሁ።
ገላቸውን በሙቅ ውኃ ያጠብሁ ዕለት፣ አይ የኔ ነገር!
ጉንዳን የወረራቸው ይመስል ሌሊቱን ሲያኩ ነበር።
ከዚያ ወዲህ ከምንጭ እንደመጣ፣ በጣሳ፣ ቀስ አርጌ፤
አስፕሪኗን በማለዳ፣
ካፕሱሉን በእጅ አይነኩትም አሉኝ፣ በማንኪያ አድርጌ።
ጣፊያቸው ግራ ጎናቸውን ሞልቶት
ሦስተኛው ጉርሻ ላይ እጃቸው ይመለሳል፤
እኔ ግን አራተኛውን ጠቅልዬ እጠብቃለሁ፤ አንዳንድ ቀን ይቀናኛል።

በስምረት ደብተር ጀርባ፣ ከማባዣው ሰንጠረዥ ሥር፣
መጋቢት ሃምሳ ስድስት፣ ሚያዝያ ሃምሳ ሁለት፤
«ከአርባ አምስት አይለፍ» ብላለች ሲስተር።
ስምረት ትቀንስልኛለች። ሰባት ይተርፋል።
ሰባት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ እንቅልፌን ይወስዳል።

የሰባት ቀበሌ ደም ያደረቁ ሰው ናቸው።
ስንቱ ድንጋይ በማጅራቱ ይዞ ወድቋል ከእግራቸው፤
ስንቱ ጠመንጃ፣ በሳቸው ቃል፣ አፈ ሙዙን ዞሯል ወደ መሬት።
አሁን ክንዳቸውን ዘርግተው ተጋድመዋል፣ ሆስፒታሉ አልጋ ላይ፣
ከረጢቱ ሲሞላ በዓይናቸው እየለኩት።
«የት ይሄዳል ይሄ?»
«ይጣላል አባቴ፣ ለሌላ ሰው አይሆንም።»
«ይጣላል!»
ጥቂት ዝም አሉና ሳቃቸው መጣ፤
«ሰማሽ፣ እናንየ?
እኔ ከአባትሽ ቤት አንድ ጠብታ ደም ስፈልግ፣ ጫካ ለጫካ ስዞር፣
አንቺ የኔን በየወሩ፣ መኪና ከፍለሽ፣
ግማሽ ሊትር ታስፈስሻለሽ!
ጠያቂም የለብሽ።»
ሲስተር ግራ ገባት። እኔ በሻሼ ጫፍ አፌን ያዝሁ፤
መሳቄን ነው ማልቀሴን፣ እስካሁን አልለየሁ።

ባለፈው እሑድ ሽንኩርት ስከትፍ ቢላዋው ጣቴን በላኝ።
ምርኩዛቸውን ትተው መጡ፤
የጋቢያቸውን ጥለት በጥርስ ዘልዝለው፣
አጥብቀው አሰሩኝ፤
«ይሄ እንኳ ሥራዬ ነው» ብለው።
እጃቸው ይንቀጠቀጣል።
ቋጠሮው ጣቴ ላይ ነው፤ ዓይናቸው ግን ፊቴ ላይ ቆይቷል።

ነገ ማክሰኞ ነው፣ ቀጠሮ።
የመጀመሪያው መኪና ከአማኑኤል የሚነሣ ዶሮ ሲጮህ ነው፤
ጨሞጋ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ይነጋል፣ ብርዱም እዚያ ነው።
ደብተሩን በፌስታል አርጌያለሁ፣ የሚጠጡትን ውኃ በኮዳ፤
ኩራዙን አጥፍቼ ጋደም ስል፣
«እናንየ፣ ጨርቁ ደረቀ» ይሉኛል ከጓዳ።