ከሚሊዮን አንድ እጅ

ሶሃር ወደብ፣ ነሐሴ ነው፤ ሌሊቱ ራሱ ያልበዋል፤
የሩቅ አገር መርከብ ቆሞ ሆዱን ከፍቶ ያራግፋል።
የብረት አፈር ነው ጭነቱ፤ በክሬን አፍ እየተዛቀ
ዳርቻው ላይ ተራራ ሆነ፣ ጨረቃን እየደበቀ።

ከዚያ ሁሉ ለእኔ የሚደርሰኝ አንድ ጥርኝ አይሞላም፤
ሙጫ አፍስሼ አደርቀዋለሁ፤ እሞርደዋለሁ፤
አልቸኩልም፣ አልላላም።
መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በደቃቁ፣
ማብቂያው ላይ በአልማዝ ዱቄት፣
ውሃው እየወረደ፣ ጣቴ እየተንሸራተተ፣
መልኬን እስካይበት።

ያኔ ነው ከጥቁሩ መሀል ቢጫው ብልጭ የሚለው።
ፒራይት። የሞኝ ወርቅ።
ብረትና ድኝ ነው፤ ሌላ ምን አለው?
ስንቱን ገበያ አውጥቶ፣ አሳፍሮ መልሶታል፤
ወርቁን ሲፈቱት ሰም የሚሆን፣ የተገለበጠ ቅኔ ይመስለኛል።
እቶን ሲገባም ይገማል፤ ፋብሪካው አይወደውም።

ኢንጂነር ሸምሳ ግን ትወደዋለች።
«ይሄ ቢጫ» ትለኛለች፣ እንዲገባኝ አረብኛዋን ቀስ አድርጋ፣
«የዋሸው ስሙ ነው እንጂ፣ እሱ ዋሽቶ አያውቅም።»

ጨረሩን ትለቅበታለች፤ ከጸጉር የጠበበ ጉድጓድ ይምሳል፤
ጢሱ በቱቦ ይሄድና ቁጥር ሆኖ ይመለሳል፦
ኮባልት፣ ከሚሊዮን ዘጠኝ መቶ እጅ።
ኒኬል፣ አርባ እጅ።
አርሴኒክ እንደ ዛፍ ቀለበት ጠርዝ ጠርዙን ከቦ፣
ወርቅም አለ፣ የእውነቱ፣
ግማሽ እጅ እንኳ የማይሞላ፣ በስንጥቁ ተደብቆ።

«ኮባልቱ ኒኬሉን እንዲህ ሲያስከነዳው» አለች፣
«የእሳት ጎረቤት ነው፤ ከምድር ሆድ ፍል ውሃ የወለደው።
ኒኬሉ ቢበልጥ፣ የረጋ ጭቃ ልጅ ነው እንል ነበር።
ወረቀቱ የጻፈውን ተይው፤
ድንጋዩ የመጣበትን ራሱ ይናገር።»

ወረቀት ስትል ደነገጥኩ።
የእኔ ወረቀት ዘይነብ ይለኛል፤ ሰባት ዓመትም ጨምሮልኛል፤
ባቲ ላይ፣ ሻይ ቤት ጀርባ፣
ደላላው በሁለት ቀን ወልዶኛል።
እናቴ ጥሩወርቅ ብላኝ ነበር።
(ፒራይት መቼ አይታ!)

ባለፈው እሑድ መታወቂያ ላሳድስ ሄድኩ።
«ጣት» አለ መኮንኑ። አስቀመጥኩ። ቀይ በራ።
«ሌላ ጣት።» ቀይ።
«ጥረጊው።» ጠረግኩት። ቀይ።
አራት ዓመት ድንጋይ ሳለሰልስ፣
ድንጋዩም ለካ እኔን ያለሰልሰኝ ኖሯል፤
መስመሬን በውሃው አጥቦ፣ በቦይ ሰዶታል።
«አንቺ እጅ የለሽም እንዴ?» አለኝ።
ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ለሸምሳ ስነግራት አልሳቀችም።
እጄን ይዛ ከማይክሮስኮፑ ስር አስገባችው፤
ብዙ ቆየች፣ መብራቱን አንዴ ዝቅ አንዴ ከፍ እያደረገች።
«ጠርዙ ላይ አለ» አለች። «ትንሽ። ግን አለ።»
ሳላስበው አፌ አመለጠኝ፦ «ጥሩወርቅ ነው ስሜ።»
ዝም አለች። መብራቱን አጠፋች።

ዛሬ ጠዋት አዲስ ናሙና መጣ፤
ከአዲሱ መርከብ፣ ገና ጨው ጨው የሚሸት።
«ያዘጋጀችው» ከሚለው ፊት፣
ሁልጊዜ ዘይነብ ተጽፎ የሚመጣበት፣
ባዶ ነው፤ እስክሪብቶ ተጋድሞበታል።

ገና አልሞላሁትም።
እጄ እርጥብ ነው።