ሰባ ኪሎ

ቅዳሜ ማለዳ ኮምቦልቻ ወረድን፣
ይመርና እኔ፣ እማን አስከትለን፣
የሦስት ዓመት እቁብ በመቀነት ቋጥረን።

ደላላው አራጋው ሁለት ቪትዝ አቁሟል፣
እንደ መንታ ልጆች ጎን ለጎን ደርድሯል፤
ቁመታቸው እኩል፣ ወርዳቸው አንድ ነው፣
ልዩነት ካለ እንኳ ከኮፈኑ ሥር ነው።
«ነጯ አንድ ሊትር ናት፣ ቤንዚን አታበዛም፤
ቀይዋ አንድ ነጥብ ሦስት፣ ዳገት አትፈራም።
ዋጋዋ ከፍ ይላል። ክብደቷም እንደዚያው፤
ሰባ ኪሎ ቢሆን ነው የሚለያያቸው።»

ሰባ ኪሎ።
አራጋው አለፈው፣ እንደ ገለባ ጥሎ።
እኔ ግን ሰኞ ገበያ የእህል ሚዛን አለኝ፣
ግማሽ ኪሎ ሲጎድል መዳፌ ነው ’ሚነግረኝ።
ሰባ ኪሎ ጤፍን ሁለት ሰው ነው ’ሚያነሳው፣
ሦስተኛ ሰው ቆሞ «አይዟችሁ» እያለው፤
ሰባ ኪሎ ማለት፣ ቢያጥርም ቢረዝም፣
አንድ ሰው ነው በቃ፤ ሌላ ፍች የለውም።

ይመር በበኩሉ ገመድ ይዞ መጥቷል፣
የግቢያችንን በር ማታ ለክቶበታል።
ሰፈራችን ሙጋድ፣ መግቢያው ጉሮሮ ነው፤
ጭነት ያለው አህያ ግንብ እየፋቀ ነው
የሚያልፈው። አምናማ የሙሽራ መኪና
ተሰንቅሮ ቀርቶ፣ በሩ አልከፈት አለና፣
ሙሽሪት በመስኮት ወጣች፣ ሚዜ ተሸክሟት።

ገመዱን ዘረጋ በነጯ ግንባር ላይ፤
ሁለት ጣት ተረፈ። ቀይዋንም ሲያይ
ያችው ሁለት ጣት ናት። ገመድ ምስኪን ነገር፣
ስፋት ነው የሚያውቀው፤ ክብደት አይናገር።
«ነጯን እንግዛ» አለ። «ቀላል ናት፣ ርካሽ ናት፤
ለቤንዚን ወረፋ ስንት ሌሊት ልንቃላት?»

«በሐረጎ ሞክሯት» አለና አራጋው
ከፊት ገብቶ ተቀመጠ። እኔና እማ ከኋላ ነው።
(እማ ጦይባ ሰፊ ናት፤ ወንበር ትሞላለች፤
መኪናው የታሰበው ለሷ ጉልበት ነበር፣
በወር ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ስላለች።)

ሜዳው ላይ ነጯ ቪትዝ ላባ ሆና በረረች፣
ነፋስ ከጎን ሲመጣ ጥቂት ሸሸት አለች።
ኩርባው ሲጀማመር ድምጿ ተቀየረ፣
በሦስተኛው መዞሪያ ማርሹ ወደ አንድ ዞረ።
ከሰል የጫነ አይሱዙ ጢሱን ለቆብን አለፈ፤
ይመር እግሩን ቤንዚኑ ላይ እስከ ወለል አሳረፈ።
ጭጋግ። ጥሩምባ። ማንም አልተናገረ።
ያኔ ነው እማ ቀስ ብላ እንዲህ ያለችው፦
«አቁሙኝ ልውረድ፤ ይቺን በእግሬ ልውጣው።
እኔ ነኝ ከባዷ።»

እንደ ቀልድ ነበር፤ አራጋውም ሳቀ።
እኔ ግን ጎኗ ነበርኩ፣
አየሁት፦
ቦርሳዋን ከጭኗ ወደ ላይ አንስታ፣
መኪናው እንዳይከብደው አየር ላይ ይዛታለች፤
ትንፋሿን ሰብስባ፣ ተረከዟን አቅልላ።
ስንት ዓመት ኖራለች እንዲህ፣
በወንድሟ ቤት፣ በአባቴ ቤት፣ አሁን በኔ ቤት፣
ራሷን ከመሬት ከፍ አድርጋ ይዛ?

ተመለስን። ቀይዋን አስነሳን።
ሐረጎን ወጣችው ሳትለምን፣ ሳታጓራ፣
አንድ ሰው አስቀድማ ሞተሯ ጋ አስቀምጣ፣
ለሌላ አራት ሰው ቦታ ሳታጣ።
እቁቡ አልበቃም፤ ቀሪውን በሁለት ወር
ልንከፍል ፈረምን። ይመር አኩርፎ ነበር፤
ቦርከናን ሳንሻገር ማፏጨት ጀመረ።

ማታ ሙጋድ ደረስን፣ በሩ ጠበበብን።
«ልውረድላችሁ?» አለች እማ፣ እጇ መክፈቻው ላይ።
«ተቀመጭ» አልኳት። «ሁለት ጣት ይተርፈናል።»
ይመር መስታወቱን አጥፎ ቀስ አለ፤
ግንቡ በግራ አለፈ፣ ግንቡ በቀኝ አለፈ።

ያን ጊዜ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።
ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው።
መኪናው ዝቅ ያለ መሰለኝ።