የተውሶ «እኔ»

ሲቀጥሩኝ አንድ ሕግ ነው አጥብቀው የነገሩኝ፤
ከመስታወቱ ክፍል፣ ከማዳመጫው ጋር እሱን ነው የሰጡኝ፦
«ምስክር ‹እኔ› ሲል ‹እሱ አለ› አትበል፤ ‹እሷ አለች› አትበል፤
በሰው ቃል ውስጥ ገብተህ አንተም ‹እኔ› በል።»

ማክሰኞ ነው። ሄግ በዝናብ ርሳለች።
ሹህራ ገባች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋለች።
ከድሪና ወንዝ ዳር፣ ከፕሪም ዛፍ መንደር፣
አውሮፕላን ስትሳፈር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።
ስሟን ጠየቋት።
«ሹህራ እባላለሁ» አልኩ፤ ድምፄ ጎርናና ነው፤
ማንም ግን አልሳቀም። «እኔ» ወንድ ሴት አይለይም፤ የተናጋሪው ነው።

ወንዶቹን ከሴቶች በሜዳው ሲለዩ
ኔጃድን አዩ።
«ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ ልጅ ነው፣ ተዉት» አልኩኝ፤
ከእግር እስከ ራሱ ለክተውት «ይኼማ ሙሉ ሰው ነው» አሉኝ።
ቁመቱ ከዳኝ።
(እኔ ልጅ የለኝም፤ ሚስትም አላገባሁ፤
ከአፌ የወጣው ግን «ልጄ» ነው፤ ሰማሁ።)
«አልነጠቁኝም» አልኩ፤ «እጁን የለቀቅሁት እኔ ነኝ፤
ጥፍሬ እንዳያቆስለው ፈርቼ። እኔ ሞኝ።»

ከዚያ ዝም አለች።
ዝምታን መተርጎም ማንም አላስተማረኝም።
ትንፋሿ በጆሮዬ ገባ፤ እኔም ተነፈስኩ፤
ከዚያ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

ገዳዮቹ ሬሳ በዶዘር አውጥተው ሌላ ቦታ ሲያዛውሩ
አንድ ልጅ ለሦስት ጉድጓድ ተካፈለ።
ከእግሩ ጋር የተገኘው አንድ ካልሲ ነው፤
ፎቶው በስክሪኑ ላይ፣ ከነቁጥሩ፣ ይኸው፦
ግራጫ ሱፍ፣ ተረከዙ ቀይ።

ጠበቃው ተነሣ፤ ድምፁ ማር ነበር።
«እመቤት፣ በዚያ አገር
ካልሲ የማትሠራ እናት የለችም።
የልጅሽ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?»
«ግራጫው ክር አለቀብኝ» አልኩ፤ «ከበባ ነው፤ ሱቅ የለ፣ ገበያ የለ፤
የሟች እናቴን ሹራብ ተርትሬ በቀዩ ቀጠልኩ፤
ብቻ ተረከዙ ይሙቀው ብዬ።»
«ክር ያለቀባት ሌላ እናትስ የለችም?»

መልስ አልሰጠችም።
የሹራብ መርፌዎቿን ዘቦቹ በር ላይ ወስደውባት ኖሮ
ባዶ እጇን አነሣች፤ አየሩን ትሠራው ጀመር፤ ቋጠሮ በቋጠሮ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘጠነኛው ላይ ሌባ ጣቷ ቀረ፤
በልጅነቷ የበረት መዝጊያ የሰበረው፣ ታጥፎ የቀረ።
ደግሞ ከአንድ። ደግሞ ዘጠነኛው ላይ።
ዳኛዋ መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን ቆጠረች፦
በየዘጠኙ አንድ ቀዳዳ፣ ሽንብራ የምታህል ሰማይ።

በመዝገቡ የተጻፈው «ምስክሯ እጇን አንቀሳቀሰች» ነው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤
የተወጋውስ አፈር ከገባ? ማን ያስታውሳል?
ወጊውማ አልረሳም፤ ዶዘሩን የጠራ
ማስታወስን ከእኛ ይልቅ እሱ ነው የፈራ።

ልትወጣ ስትል ዳኛዋን አንድ ነገር ጠየቀች፦
«ካልሲውን ስጡኝ፤ ተረከዙ አፈር ይዟል፤ ልጠበው» አለች።
(እዚህ ላይ ሕጉን ሳትኩ። በማይክሮፎኑ «አለች» አልኩ፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ።)
«ማስረጃ ነው፤ አይሰጥም» አሏት።
እሱንም ተረጎምኩላት፣ በገዛ ቋንቋዋ፣ ቀስ ብዬ።

ማታ ማዳመጫውን አስረክቤ ፈረምኩ፤
«እኔ»ን የሚረከብ ግን አልነበረም።
በትራሙ መስኮት ዝናቡ ይወርዳል፤ ሰው ወጣ፣ ሰው ገባ፤
ጣቴን አየሁት፣ ጉልበቴ ላይ፣ ሳላዘው ይቆጥራል፦
ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት።
ዘጠነኛውን ዘለለ።