የግራው ቫልቭ

ጎሃ ላይ አዳራሹ፣ ወንበሩ ነጭ ለብሷል፣
አሠልጣኙ መጥቷል፣ ከረባቱን አስሯል፣
«የስኬት ሰባት በር» ግድግዳው ላይ በርቷል።
እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ከጥግ ተቀምጬ፣
እሱ ያለውን ሁሉ በአጭሩ ቆራርጬ፦
«አንደኛ፣ ራእይ ይኑርህ። ሁለተኛ፣ አትፍራ።»
ሦስተኛው ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ፤ የእኛ ተራ።

ሰውየው ዝም አለ፤ የቀሩት አምስት በሮች
ከማሽኑ ጋር ጠፉ። ከፊት ያሉት ሹሞች
ስልካቸውን አበሩ። አንዱ አፏጨ፣ አንዷ ሳቀች፤
ከዚያ ከመካከል አንዲት ሴት ተነሣች።

ይታክቱ ጓንጉል ናት፣ የአንገረብ ፓምፕ ጠባቂ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ከሞተር ጋር ተጨቃጫቂ።
ጠዋት የተሸለመችው፣ በመስታወት የታጠረ
ወረቀት ጉልበቷ ላይ ሲከብዳት የነበረ።
«መብራቱ እስኪመጣ» አለች፣ «ዝም ከምንባባል፣
ጎበዝ ነች የተባልኩት ነገር ይከነክነኛል።»

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ መጋቢት ሲጋመስ፣
ግድቡ ጎድሎ ጎድሎ ጭቃውን ሲልስ፣
ሌሊት ስምንት ሰዓት ፓምፑ አጓራ፣ ነደደ፤
ልጆቹ ወደ እኔ አዩ፤ አሳቤ ሳይነሣ ምላሴ ቀድሞ ሄደ።
«ዝጉት!» አልኩ። የግራውን አልኩ።
መዘጋት የነበረበት የቀኙ ነው፤ ሳትኩ።
ቧንቧው ተተረተረ እንደ አሮጌ ኩታ፣
ውኃው ሜዳ ለሜዳ ሸሸ፣ በማንም ሳይገታ።

ዘጠኝ ቀን።
ከአራዳ እስከ ሳሙና በር
ቢጫ ጄሪካን ብቻ በመንገድ ሲደረደር፤
ስም የተጻፈባቸው፣ በገመድ የታሰሩ፣
ባለቤት ሳይኖራቸው ተራ የሚያስከብሩ።

አለቃዬ መጣ። «ሪፖርቱን እንዲህ ጻፊው፤
የሞተር እርጅና በይ፤ ስምሽን አትጥሪው።»
እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጻፍኩት።
ፊርማዬንም አሳምሬ አኖርኩበት።

በሦስተኛው ቀን ግን፣ ቸቸላ ሰልፉ ላይ፣
አንዲት አራስ ቆማለች፣ ነጠላ በአናቷ ላይ።
«ይህ ሞተር አፈር ይብላ» ብላ ረገመችው፤
የእኔን እርግማን ያ ሞተር ተሸከመው።
«እኔ ነኝ» አልኩ። ሰልፉ ጸጥ አለ።
አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ በከዘራው እየጠቆመ፦
«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?
ሂጂና ጠግኚው!» አለ።

ሰልፉ ሳቀ። እኔም ከእንባዬ ጋር ሳቅሁ።
ከዚያ ስድስት ቀን ሙሉ ከጭቃው አልወጣሁ።
«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላሉ፤
እኔ ስወድቅ ግን የቸቸላ ጎረምሶች አካፋ ይዘው ተከተሉ።
ሪፖርቱን ቀደድኩት። የሦስት ወር ደሞዝ ተቀጣሁ፤
አልሞትኩም፤ ሽሮ በላሁ።

ከዚያ ወዲህ አንዱ ልጅ ሲሳሳት «ማነው?» አልልም፤
«የቱ ቫልቭ ነው?» እላለሁ። ሌላ ብልሃት የለኝም።
ቀለም ቀብቼ ነበር፤ በጨለማ ቀለም አይረዳ፤
በሞረድ ጥርስ አወጣሁ፣ ለግራው አንድ፣ ለቀኙ ሁለት፣
እጅ እንዲያነበው፣ ዓይን ሲከዳ።

መብራቱ መጣ። ግድግዳው ላይ «ሦስተኛ»፤
አሠልጣኙ አላነበበውም፤ ቁጭ አለ እንደ እኛ።
እኔም በቃለ ጉባኤው፣ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር፣
አንድ መስመር ጻፍኩኝ፣ ሳልሰርዝ፣ ሳላሳምር፦
«የግራው ሳይሆን የቀኙ ነበር።»

ማታ ማራኪ ገብቼ ቧንቧዬን ከፈትኩ።
ሳለ። ዝም አለ። ደግሞ ሳለ።
ታች አንገረብ፣ በዚህ ሰዓት፣ አንድ እጅ በጨለማ
ጥርስ ይቆጥር ይሆናል ብዬ
ባልዲዬን ይዤ ጠበቅሁ።