የሩሎው ፀጉር

ታይዋን ገበያ፣ ድሬ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
ጉሌድ ሩሎ ሰቅሏል ከሱቁ ደጅ በተርታ፤
አንዱ እንደ ጎረምሳ ጎፈሬ ፀጉሩ የተከመከመ፣
አንዱ እንደ አዲስ ምልምል እስከ ሥር የተከረከመ።
ስፖንጁም አለ፣ ጠፍጣፋው፣ እጀታ የተበጀለት፣
ለበር ጉበን፣ ለመስኮት ጠርዝ፣ ለዞኮሎ የሚሉት።

«ግድግዳው ምን ዓይነት ነው?» አለኝ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ።
«ግድግዳ ግድግዳ ነዋ!» ሃያ ዓመት የቀባ ሰው ይህን ሊጠየቅ ከቶ?
ርካሹን፣ ምልምሉን፣ መዝዤ ወጣሁ።

ደንገጎ ላይ ሚኒባሱ ሽቅብ እያቃሰተ፣
ባልዲዬ በተሳፋሪ እግር መሐል እየዋተተ፣
ሐረር ደረስኩ፤ ጁገል፣ ከአይ ረምላ ቤት።
የልጃቸው ሠርግ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።
ስፌቱ ሁሉ ከግድግዳ ወርዶ፣ በአንሶላ ተሸፍኖ፣
ምስማሩ ብቻ ቀርቶ፣ ቤቱ ራቁቱን ሆኖ።

ነከርኩ፤ ጨመቅኩ፤ ከላይ ወደ ታች ለቀቅኩት።
ጉብታ ጉብታው ነጣ።
ጎድጓዳው እንዳለ ቀረ፤
ፈንጣጣ የነካው ፊት ዱቄት የነሰነሱበት መሰለ።
ደገምኩ። ተጫንኩት። ቀለሙ በክንዴ ወረደ እንጂ
ስርጉዱ ውስጥ አልገባ አለ።

አይ ረምላ ከነደባው ላይ ሆነው፣
በሻርፓቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፦
«ይህን ቤት ብረት አልለሰነውም፣ ልጄ፤
መዳፍ ነው። የእናቴ፣ የአክስቶቿ፣ የጎረቤት።
ፀጉር የሌለው ነገር እዚህ ምን ይዳስሳል?»

እጄን አሳረፍኩ። እውነት ነው፦
መዳፌ ከአንድ መዳፍ ውስጥ ገባ፣
ጠበበኝ፣ እንደ ልጅ ጫማ።

ወረድኩ እንደገና፤ ደንገጎ፣ ቁልቁለት፣ ሙቀት።
ጉሌድ ምንም አላለኝ፤
ጎፈሬውን አወረደና ዋጋውን ሁለቴ ነገረኝ።

ጎፈሬው ጠጪ ነው፤ ባልዲ ያጎድላል፤
ፊቴን፣ ቅንድቤን፣ ነደባውን ይረጫል፤
ግን ይደርሳል። ስርጉዱን ጎንበስ ብሎ ፈልጎ
ይልሰዋል፣ ላም ጥጃዋን እንደምትልስ።

ለጠርዙ ስፖንጁን ያዝኩ። ስፖንጅ ቀጥታ ይወዳል፤
የዚህ ቤት ጠርዝ ግን ቀጥ ብሎ አያውቅም፤
እስከ በሩ ጉበን ድረስ ስንጣላ ስንታረቅ ሄድን።

ማታ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ፣
ከበሩ በላይ አንዲት የአውራ ጣት ስርጉድ ቀረች፣
ሩሎም ስፖንጅም ያልነካት።
ጣቴን ነክሬ ሞላኋት።

ሒሳብ ስንተሳሰብ እሷን አልቆጠርኳትም።