ቃለ ጉባኤ ውስጥ ያልገባ

በደርባን ኮረብታ፣ ወደቡን ቁልቁል በሚያይ ግቢ፣
የባህል ቀን ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ፣ ቃል መዝጋቢ።
የተባለውን ሁሉ በየተራው አስፍሬያለሁ፤
ያልሰፈረውን ግን ይኸው ዛሬ እጽፋለሁ።

ሠላሳ ሁለት ባንዲራ ሣሩ ላይ ተሰክቶ፣
ዮጌሽኒ ቢሪያኒ፣ ምቡዪ ዓሣ አምጥቶ፣
ፕሬዚዳንቱ ወጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤
«እኛ አንድ ነን!» አሉ፤ ከዚያ ፎቶ ፈለጉ።
«እኛ አንድ ነን» ይላል ፖስተራችንም፣ በስድስት ቀለም፤
ብርቱካኑ ይቅደም፣ ሰማያዊው ይቅደም፣
ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራክረንበታል፤
ድምፅ ተሰጥቶበታል።
(እሱ ተመዝግቧል።)

ሲመሻሽ፣ ከበሮው ዝም፣ ጭፈራው ጸጥ ሲል፣
የሳህን ክምር ቀረ፣ የአጥንት ቁልል።
ዮጌሽኒ ጉትቻዋ ጠፍቶ ሣሩን ስትዳብስ፣
አንዲት ሴት አየች፣ ከቆሻሻው መሐል ባንዲራ አንሥታ ስታብስ።
አረንጓዴ ሽርጥ፤ ደረቷ ላይ የድርጅት ስም፤
የራሷ ግን የለም።

«እማማ፣ ያንቺ ጠረጴዛ የትኛው ነበር?» አለቻት።
ኖምቡሶ ሳቀች። ጥቁሩን ከረጢት አሳየቻት።
«ይኸው፤ ተሸክሜው እዞራለሁ።»
«ምሳሽንስ የት ነው የምትበዪው?»
አገጯን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ቀሰረች።

ከደረጃው ሥር መስኮት የሌለው ጓዳ፣
በረኪና በረኪና የሚል፣ ለሰው ሳይሆን ለመጥረጊያ የተሰናዳ።
አሥራ ሁለት ሴቶች፣ አሥራ ሁለት ባልዲ ተገልብጦ፤
ምሳ ማለት ይኼ ነው፣ ባልዲ ላይ ተቀምጦ።

አራት ዓመት በዚያ ደረጃ ወጥቻለሁ፣
ስለ ፍትሕ የጻፍኩትን በክንዴ ታቅፌ፤
ለካ በራሳቸው ላይ ነበር እርምጃዬ።

ሰኞ ተሰበሰብን። አጀንዳ አንድ፦ ምስጋና።
አጀንዳ ሁለት፦ የተረፈው ገንዘብ።
«ወንበር እኮ የላቸውም!» አለች ዮጌሽኒ።
«የኛ ሥራ ባህል ነው፤ ወንበር የንብረት ክፍል ነው» አለ ሩዋን፣
ክፋት የለውም፣ ደንቡን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው።
«ደግሞ የኮንትራት ሰዎች ናቸው፤ የግቢው አይደሉም።»
«መግለጫ እናውጣ» አልኩ እኔ።
(ይኼን ሰርዤው ነበር።)

ምቡዪ እስከዚያ ዝም ብሏል።
በዚያው ወር የአጎቱን ሱቅ «ወደ አገርህ!» ብለው ሰብረውታል፤
የሰበሩት ጎረምሶች የኖምቡሶ ሰፈር ልጆች ናቸው፤
ያውቃል፤ አንዳንዶቹን በስም ያውቃቸዋል።
ተነሣ።
«መግለጫ ላይ አይቀመጡም» አለ፤
የተቀመጠበትን ወንበር ትከሻው ላይ አዋለ፤
ወጣ። ዝናብ ነበር።

ከዚያ ዮጌሽኒ። ከዚያ እኔ፣ ደብተሬን በጥርሴ ነክሼ።
ሩዋንም በመጨረሻ፣ ደንቡን እያጉረመረመ፣ ሁለት ይዞ።
ጥበቃው ንዞማ በሩ ላይ ቆመብን፦
«ወንበር ከግቢ አይወጣም፣ ፈቃድ አላችሁ?»
«አይወጣም» አለ ምቡዪ፣ «ይወርዳል።»
ንዞማ ዝናቡን አየ። ሰዓቱን አየ።
ደረጃውን አየ፤ እህቱ እዚያ ሥር ናት።
ከዚያ ሻይ አማረኝ ብሎ ሄደ።

ወንበሮቹን በማግሥቱ ወሰዷቸው።
ለአራታችን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰን።
በሦስተኛው ሳምንት አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር መጣ፣
መደገፊያው ላይ «የዩኒቨርሲቲው ስጦታ» ተጽፎ፤
ደግሞ ፎቶ ተነሡ።
ደመወዙ? ያው ነው። ኮንትራቱም ያው።
ሽርጡ ላይ ያለው ስም ያው።

ኖምቡሶ ተቀመጠች። ወንበሩ ወዲህ ወዲያ አላት።
«አንካሳ ሰጡን» አለች።
ከከረጢቷ ባለ ስድስት ቀለሙን ፖስተር አወጣች፣
«እኛ አንድ ነን»ን አራት ቦታ አጠፈችው፣
ከአጭሩ እግር ሥር ወተፈችው፣
ተቀመጠች። ጸና።

ምቡዪ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ጓዳው ለቁመቱ አጥሮበት አንገቱን ሰብሮ።
ከየት ነህ አላለችውም።
የአጎቱን ሱቅ እንደምታውቅ ግን ዓይኗ ላይ ነበር።
ዝም አለች፤ እሱም ዝም አለ።
ከዚያ ከጎኗ ያለውን ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችለት።

ይኼን የት ልጻፈው?
አጀንዳ አልነበረም።