የሂላ የቤት ሥራ

ሰንበት እንደወጣ፣ መብራት እንደበራ፣
«ሳቭታ፣ ተቀመጪ፤ አለብኝ የቤት ሥራ።»
በሰባተኛ ክፍል ዘር ይቆጠራል አሉ፤
አሥራ ሁለት ጥያቄ፣ ባዶ መስመር ሁሉ።
እሷ በዕብራይስጥ፣ እኔ በአማርኛ፣
እናቷ መካከል፣ አስታራቂ ዳኛ።

ስሜ ፈንታዬ ነው፣ ፈንታዬ ታከለ።
ከእኔ ፊት የመጣው በአርባ ቀኑ ሄደ፣
እኔ በእሱ ፈንታ፤ ስሜ እንዲህ ተወለደ።
«ምን ማለት ነው?» አለች። እናቷ አሰበች፣
ጥርሷን በእስክሪብቶ እየመታች ቆየች፣
«ድርሻ በይው» አለች። «ሄሌቅ» ብላ ጻፈች።

የትውልድ ቀን? መታወቂያዬ ጃንዋሪ አንድ ይላል።
የያዜውም ጃንዋሪ አንድ፣ የጎረቤቴም፤
ሕንፃው በሙሉ በአንድ ቀን ተወልዶ
ኬክ የሚቆርስ ግን አንድ ሰው የለም።
እናቴ ስትቆጥር ዳጉሳው በበረዶ የተመታ ሰሞን ነው።
«እሱን ጻፊ» አልኳት።
ሳጥኑ ከቁጥር ሌላ አላስገባም አለ።

አፉላ፣ ጊቭዓት ሃሞሬ፣ አራተኛ ፎቅ፤
አሳንሰሩ በሳምንት ሁለት ቀን ይታመማል።
ከኩሽናዬ መስኮት ሸለቆው ተዘርግቶ፣
ሱፍ አበባ በዚህ፣ ጥጥ በዚያ፣
ባቡሩ እንደ ዚፕ መሃሉን ሲዘጋው።

ሃያ ሁለት ዓመት በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ።
አንሶላ የማን እንደነበረ አይናገርም።
ኢብቲሳም በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ፣
ስንወጥር፣ ስናጥፍ፣ ስንቀራረብ፣
ጫፍ ከጫፍ ሲገናኝ ጣታችን ሲነካካ፣
ያለ ዘፈን ስንጨፍር ኖረናል ለካ።

ባሌ ያዜው በቀን አርባ ቃል ይናገራል፤
ሠላሳው ለኳስ ዳኛ ነው።
ኤላድ እስከ ኤይላት ጭነት ይነዳል፣
ዓርብ ከመንገድ ይደውላል፦ «እማ፣ ምን ሠራሽ?»
ድስቱን ስልኩ ፊት እከፍታለሁ፣
ሽታው ይደርስ ይመስል።
ልጄ ውዴ ከባሏ ተለይታ
በሁለት ሻንጣና በአንድ ማራገቢያ ተመልሳለች።
«ይህን አትጻፊ» አለች ለሂላ፤ አልተጻፈም።
እኔ ግን እዚህ አስቀመጥኩት።

ምን ትወጃለሽ? ጨው የበዛበት የሱፍ ፍሬ፣
ፌርማታው ወንበር ላይ፣ ወዴትም ሳልሄድ።
የተሰነጠቀ ወይራ፣ በመጀመሪያው ዓመት እንደ መርዝ የተፋሁትን።
ከማድረቂያ የወጣ ፎጣ፣ ፊቴን እስኪፈጀኝ።
የአየር ጠባይ ዜና፤ ገሚሱ ባይገባኝም
«ሻራቭ» ሲሉ አውቃለሁ፣ መስኮት እዘጋለሁ።

የማልወደው? ከጠረጴዛ ወዲያ ሆና
የልጄ ታናሽ «ሞቴክ» ስትለኝ።
ማሬ ማለቷ ነው፣ ክፋት የለባትም፤
ግን በዕብራይስጥ አንቱ የሚባል የለም፣
ዕድሜ ቢጠራቀም የሚያስቀምጡበት የለም።

ማክሰኞ ደብተሩ ተመለሰ፤ ዘጠና አምስት።
ከስሜ ጎን በቀይ፦ «ለስላሳ! እንዴት ያምራል!»
የነሱ ፊደል አናባቢውን ቤት ትቶ ይወጣል፤
ሄሌቅ ያልነውን ሀላቅ ብላ አነበበችው፣
ድርሻ ብለን ሰጠናት፣ ለስላሳ ብላ ተቀበለችው።
ያዜው ካስተረፋቸው ቃላት ሁለቱን አወጣ፦
«የሚጠጣው ነው?»

ሂላ ላጲስ አነሳች። «ተዪው» አልኳት፣
ክሎር የበላውን መዳፌን ሰጠኋት።
ዳሰሰችው፤ እንደ ድንጋይ ወፍጮ።
ሳቋን መያዝ አቃታት፣ እኔም አልቻልኩ።

ከዚያ በእኛ ፊደል አሳየኋት፣
አናባቢውን እንደ ልጅ አዝሎ በሚሄደው።
ፈ። ን። ታ።
እስከዚህ ያለው የወንድሜ ነው፣ በአርባ ቀኑ የሄደው።
«ይቺ የመጨረሻዋስ?»
ዬ። የእኔ ማለት ናት።
ምላሷን በከንፈሯ ነክሳ፣ አጎንብሳ፣
ቀለበቷን አክብባ ጻፈቻት፤
መስመሩን አልፋ፣ ከሳጥኑ ወጥታ።